ከቀላድ እስከ ካሬ ሜትር፤ የመሬት ዙሪያና ስፋት ታሪክ በምሥራቅ አዲስ አበባና በአገራችን

በአገራችን «በርስትና በሚስት ቀልድ የለም» ይባላል። አርሶ አደሩ ከጥንት ጀምሮ ስለ መሬቱ ሲሟገት የኖረው ግን በአብዛኛው ስለ ድንበሩ ነው። ድንበር ተገፋ፣ የወሰን ድንጋይ ተነቀለ፣ ቦይ ተዛወረ እየተባለ ስንት ሽማግሌ ተቀምጧል፤ ስንት ጎረቤትም ተቀያይሟል። ይሁን እንጂ ዘር የሚዘራው፣ ማዳበሪያ የሚበተነው፣ ምርት የሚታፈሰው፣ ግብር የሚጣለውና ካሳ የሚሰላው በድንበሩ ርዝመት አይደለም። በድንበሩ ውስጥ ባለው ስፋት ነው።

ዙሪያና ስፋት ሁለት የተለያዩ ልኮች ናቸው። ዙሪያቸው እኩል የሆኑ ሁለት ማሳዎች ስፋታቸው እኩል ላይሆን ይችላል። ይህ ነገር በትምህርት ቤት የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ሲነበብ ቀላል ይመስላል፤ በማሳ ላይ ሲመጣ ግን የአንድን ቤተሰብ ኑሮ የሚወስን ጉዳይ ነው። በተለይም በቦሌ፣ በየካ፣ በኮተቤ፣ በአያትና በለሚ አካባቢ ያሉ አረጋውያን በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ መሬታቸው በጥማድ፣ በጋሻ፣ በሄክታር፣ በመጨረሻም በካሬ ሜትር ሲለካ አይተዋል። የምሥረታ በዓልን ምክንያት በማድረግ የዚህን ልክ ታሪክ መለስ ብሎ መቃኘት ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላትም ሆነ ለአካባቢ አመራሮች ጠቃሚ ይሆናል።

ሁለቱ ልኮች

ዙሪያ ማለት አንድ ሰው ከማሳው አንድ ጥግ ተነስቶ ድንበር ድንበሩን ተከትሎ ወደ ተነሳበት ጥግ እስኪመለስ የሚሄደው ርዝመት ነው። የሚለካውም በክንድ፣ በገመድ ወይም በሜትር ነው። ስፋት ደግሞ በድንበሩ ውስጥ የተኛው መሬት መጠን ሲሆን የሚለካው በካሬ ሜትር ወይም በሄክታር ነው። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው።

400 ሜትር ርዝመት ያለው ገመድ አለ እንበል። በዚህ ገመድ ዙሪያው የታጠረ ማሳ ጎኖቹ 100 በ100 ሜትር ከሆኑ ስፋቱ 10,000 ካሬ ሜትር ወይም ልክ አንድ ሄክታር ነው። በዚያው ገመድ 150 በ50 ሜትር ቢታጠር 7,500 ካሬ ሜትር ይሆናል። ሦስቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ጎነ ሦስት ቢሠራበት 7,700 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። 190 በ10 ሜትር ሆኖ እንደ መቀነት ቢዘረጋ ግን 1,900 ካሬ ሜትር ብቻ ይቀራል። ገመዱ አንድ ነው፤ በዙሪያው የሚሄደው ሰውም በአራቱም ጊዜ እኩል ይደክማል። የሚታፈሰው እህል ግን ከአምስት እጅ ወደ አንድ እጅ ሊወርድ ይችላል።

በአንድ ዙሪያ ከሚታጠሩ ባለ አራት ጎን ቅርጾች ሁሉ ትልቁን ስፋት የሚይዘው ካሬው ነው። ከማንኛውም ቅርጽ የሚበልጠው ደግሞ ክብ ነው። የ400 ሜትሩ ገመድ ክብ ቢሠራበት 12,700 ካሬ ሜትር ያህል ያጥራል። የአገራችን አርሶ አደር ይህን ቀመር በመጽሐፍ ሳያነብ በሥራው ሲጠቀምበት ኖሯል። ጎጆው ክብ ነው፤ ጎተራው ክብ ነው፤ አውድማውም ክብ ነው። 12 ሜትር ዙሪያ ያለው ግድግዳ በካሬ ቢቆም በውስጡ 9 ካሬ ሜትር ይይዛል፤ በክብ ቢቆም ግን ወደ 11 ካሬ ሜትር ተኩል ይይዛል። ስለሆነም በእኩል እንጨት፣ በእኩል ጭቃና በእኩል ጭድ የበለጠ ቤት፣ የበለጠም እህል ማስቀመጫ ይገኛል ማለት ነው።

ማሳው ታዲያ ለምን ክብ አልሆነም? ክቦች ጎን ለጎን ሲደረደሩ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ያ ባዶ ቦታም የማንም ያልሆነ መሬትና የጭቅጭቅ ምንጭ ይሆናል። ንብም ብትሆን ማሩን የምታስቀምጥበትን እንጀራ በባለ ስድስት ጎን ቅርጽ የምትሠራው ለዚህ ነው። ክፍተት ሳይተው ከሚገጣጠሙት እኩል ጎን ካላቸው ቅርጾች መካከል በትንሽ ሰም ብዙ ማር የሚይዘው ባለ ስድስት ጎኑ ነውና።

የበሬ ልክ፤ ጥማድና ቀርጥ

ከገመድ በፊት የነበረው ዋናው የመሬት ልክ በሬ ነው። ጥማድ ማለት አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። መጠኑ እንደ አፈሩ ክብደት፣ እንደ በሬው ጉልበትና እንደ አካባቢው ልማድ ይለያያል፤ በብዙ ቦታ ግን ወደ ሩብ ሄክታር ይጠጋል። በሸዋ ብዙ አካባቢዎች ቀርጥ እየተባለ የሚጠራውም እንዲሁ የሩብ ሄክታር ግምት አለው።

አንዳንዶች የጥማድን ልክ ኋላ ቀር ግምት አድርገው ይመለከቱታል። ሆኖም ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ማረሻው የሚሄደው በድንበሩ ላይ ሳይሆን በማሳው ውስጥ ነው፤ እያንዳንዷን ጭብጥ አፈር ካልነካ ሥራው አያልቅም። በመሆኑም ጥማድ ምንም እንኳ በሜትር የጠራ ባይሆን የሚለካው ስፋትን ነው። ረጅምና ጠባብ የሆነ መሬት በዙሪያው ትልቅ መስሎ ቢታይም በሬዎቹ ግማሽ ቀን ሳይሞላቸው ይጨርሱታል። እዚህ ላይ በሬው ከዓይን ይበልጥ ታማኝ ነው።

በአገራችን ማረሻ ማሳው አንድ ጊዜ በቁመቱ ከታረሰ በኋላ በወርዱ ደግሞ ይደገማል። ለዚህም ነው ወደ ካሬ የቀረበ ማሳ ለበሬ የሚመቸው። መቀነት በመሰለ ማሳ ላይ በቁመቱ ሲታረስ መልካም ነው፤ በወርዱ ሲደገም ግን በሬው በየአሥር እርምጃው መዞር አለበት። ይህ የዙሪያና የስፋት ነገር በጉልበትም እንደሚከፈል ያሳያል።

የቀላድ ዘመን

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአፄ ምኒልክ ዘመን መሬት በገመድ እየተለካ መደልደል ተስፋፋ። መለኪያው ገመድ ቀላድ ይባል ነበር፤ በዚህ የተለካውም መሬት የቀላድ መሬት ተባለ። የቀላዱ ርዝመት በየቦታውና በየጊዜው ቢለያይም ብዙውን ጊዜ ወደ 66 ሜትር ተኩል ይጠጋል። በዚህ ገመድ የሚለካው ትልቁ ልክ ጋሻ ሲሆን በአሁኑ ስሌት ወደ 40 ሄክታር የሚገመት ነው።

ጋሻን በቀላድ ማስላት የዙሪያንና የስፋትን ልዩነት በግልጽ ያሳያል። ወርዱ 9 ቀላድ፣ ቁመቱ 10 ቀላድ የሆነ መሬት ዙሪያው 38 ቀላድ ነው፤ ስፋቱም 90 ካሬ ቀላድ ወይም ወደ 39.8 ሄክታር ነው። ይህ አንድ ጋሻ ማለት ነው። ወርዱ 4፣ ቁመቱ 15 ቀላድ የሆነ ሌላ መሬትም ዙሪያው እንደዚሁ 38 ቀላድ ነው። ስፋቱ ግን 60 ካሬ ቀላድ ወይም ወደ 26.5 ሄክታር ብቻ ይሆናል። በድንበሩ ዞሮ የመጣ ሰው ሁለቱም እኩል ናቸው ቢል አይፈረድበትም፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ከ13 ሄክታር ይበልጣል።

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ አልነበረም። ከነፃነት በኋላ በመጋቢት 1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፍሎ በጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር እንዲከፈል ደንግጓል። ግብሩ የተቆረጠው በጋሻ ነው። ስለዚህ በመዝገብ «አንድ ጋሻ ለም» ተብሎ የተጻፈ መሬት በእርግጥ 40 ሄክታር ገደማ ከሆነ በሄክታር 38 ሳንቲም ያህል ይደርስበታል። በእርግጥ 26.5 ሄክታር ብቻ ሆኖ ሳለ አንድ ጋሻ ተብሎ ከተመዘገበ ግን በሄክታር ወደ 57 ሳንቲም ይሆናል። የባላገሩ ሸክም የሚከብደው ወይም የሚቀለው በአዋጁ ብቻ ሳይሆን በልኩም ጭምር ነበር።

የገመዱም ጠባይ የራሱ ጣጣ አለው። ገመድ ሲደርቅና ሲረጥብ ርዝመቱ አንድ አይሆንም፤ ሲሳብም ይለጠጣል። የ66 ሜትር ተኩሉ ቀላድ በአንድ ሜትር ብቻ ቢለጠጥ ስህተቱ በርዝመት 1 ከመቶ ተኩል ያህል ነው። በስፋት ሲሆን ግን ስህተቱ በቁመትም በወርድም ስለሚገባ ወደ 3 ከመቶ ያድጋል፤ በአንድ ጋሻ ላይ ወደ 1.2 ሄክታር ማለት ነው። አራት አምስት ጥማድ መሬት በገመድ መለጠጥ ብቻ ሊመጣና ሊሄድ ይችላል። ከዚህ የምንረዳው ጠቅላላ ሕግ የሚከተለው ነው፤ ጎኖች በሁለት እጅ ሲያድጉ ዙሪያ በሁለት እጅ፣ ስፋት ግን በአራት እጅ ያድጋል።

ገበሬው የመሬት ልኬትን በጥርጣሬ ሲያይ የኖረውም ያለ ምክንያት አይደለም። መለካት ማለት ከግብር ጋር፣ አንዳንዴም ርስትን ከማጣት ጋር የተያያዘ ነበር። የጎጃም ገበሬዎች መሬታቸው እንዳይለካ ለብዙ ዓመታት ተከላክለዋል፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣም እስከ አመፅ ደርሰዋል። ልክ የሚያስፈራው በማን እጅ እንዳለና እንዴት እንደሚሰላ ካልታወቀ ነው። ስሌቱን አርሶ አደሩም ሲያውቀው ልክ መከራከሪያና መከላከያ ይሆናል።

በሌላው ዓለምስ?

በጥንታዊት ግብፅ የዓባይ ሙላት በየዓመቱ ድንበሩን ስለሚያጠፋ መሬትን እንደገና በገመድ መለካት የመንግሥት ሥራ ነበር። በኤድፉ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተቀረጸው የመሬት መዝገብ የአራት ጎን ማሳን ስፋት ያሰላው ትይዩ የሆኑትን ሁለት ሁለት ጎኖች ደምሮ ለሁለት በማካፈል፣ ከዚያም ሁለቱን አማካዮች በማባዛት ነው። ይህ ስሌት ማዕዘኑ ቀጥ ላለ ማሳ ትክክል ነው። ላዘነበለ ማሳ ግን ሁልጊዜ ከእውነተኛው ስፋት በላይ ይሰጣል፤ ከዚህም የሚጠቀመው ግብር ሰብሳቢው ነው።

ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢየስ ደግሞ ብዙ ሰዎች የከተማን ትልቅነት በቅጥሩ ዙሪያ እንደሚገምቱ ጽፏል። የሜጋሎፖሊስ ዙሪያ 50 ስታዲያ፣ የስፓርታ ግን 48 ስታዲያ ሆኖ ሳለ ስፓርታ በስፋቷ እጥፍ ትሆናለች ሲላቸው ሰዎች አያምኑም ነበር። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፈላስፋው ፕሮክለስም ይህን አለማወቅ ተጠቅመው በመሬት ክፍፍል ዙሪያው የረዘመውን ለሌላው እየሰጡ ስፋቱ የበለጠውን ለራሳቸው ያስቀሩ፣ ጭራሽም በደግነታቸው የተመሰገኑ ሰዎች እንደነበሩ አስፍሯል። ስለ ካርቴጅ ከተማ አመሠራረት የሚነገረው አፈ ታሪክ ደግሞ ተቃራኒውን ብልሃት ያሳያል። ንግሥት ዲዶ «አንድ የበሬ ቆዳ የሚሸፍነውን ያህል መሬት» ሲፈቀድላት ቆዳውን በቀጭኑ ተልትላ እንደ ገመድ ቀጠለችውና አንድ ኮረብታ ከበበችበት ይባላል።

1967 ዓ.ም.፤ ጋሻ ወደ ሄክታር

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ አንድ የገበሬ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውን መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ይህም የጋሻ ሩብ ነው። የገበሬ ማኅበራትም ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር በሚሆን አካባቢ እንዲቋቋሙ ተደነገገ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚሰጠውን የከተማ ቦታ እስከ 500 ካሬ ሜትር አደረገው።

ሁለቱም አዋጆች የወሰኑት ስፋትን ነው። ስለ ቅርጽ የተናገሩት የለም። ቅርጹ ግን ወጪውን ይወስናል። 500 ካሬ ሜትር ቦታ 20 በ25 ሆኖ ሲሰጥ 90 ሜትር አጥር ይበቃዋል፤ 10 በ50 ሆኖ ሲሰጥ 120 ሜትር ይፈልጋል። ሁለቱ ጎረቤታሞች በሕግ እኩል ናቸው፤ ለቆርቆሮ፣ ለሚስማርና ለቋሚ የሚያወጡት ገንዘብ ግን በአንድ ሦስተኛ ይለያያል።

ከ1967 ወዲህ በተደጋገሙት የመሬት ክፍፍሎች፣ በውርስና በጋብቻም ምክንያት የአንድ ቤተሰብ ይዞታ እየጠበበና እየተበጣጠሰ መጥቷል። የዚህ ጉዳት ደግሞ በድንበር ላይ ይታያል። አንድ ሄክታር በአንድ ቦታ 100 በ100 ሆኖ ከተገኘ ድንበሩ 400 ሜትር ነው። በባለ ይዞታው በኩል ከድንበሩ ግማሽ ሜትር ሳይታረስ ቢቀር 199 ካሬ ሜትር ወይም 2 ከመቶ ያህል ይባክናል። ያው አንድ ሄክታር እያንዳንዳቸው 10 በ250 ሜትር የሆኑ አራት ቁራሾች ቢሆን ጠቅላላ ድንበሩ 2,080 ሜትር ይደርሳል፤ የሚባክነውም ከ10 ከመቶ በላይ ይሆናል። በሄክታር 30 ኩንታል ስንዴ ለሚያገኝ አርሶ አደር ይህ ከሦስት ኩንታል በላይ ነው። በዚያ ላይ አራት ቁራሽ ያለው ሰው የድንበር ጎረቤቱም ብዙ ነው፤ የክርክሩ በርም እንዲሁ።

ይህ ሲባል ረጅም ማሳ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። በተዳፋት ላይ እርከንን ተከትሎ የሚዘረጋ ማሳ አፈርን ከመሸርሸር ያድናል። በመስኖም ውኃው በሚሄድበት አቅጣጫ የተዘረጋ ማሳ ሥራን ያቀልላል። ዋናው ነገር ማሳው ረዘም ሲል ምን ያህል ስፋት እንደያዘ አውቆ መወሰኑ ላይ ነው።

ከተማው ወደ ምሥራቅ ሲዘልቅ

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር የቦሌ ዙሪያ እህል የሚዘራበት ሜዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማው በምሥራቅ በኩል ገርጂን፣ ኮተቤን፣ ሲኤምሲን፣ ሰሚትንና አያትን እያካተተ ዘልቋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ግንባታ ሲጀመር እርምጃው ፈጠነ፤ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳና በቦሌ ቡልቡላ ቀድሞ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራና ጓያ ይዘራበት በነበረው መሬት ላይ የመኖሪያ መንደሮች ቆሙ። በ2006 ዓ.ም. ገደማ የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ጀመረ። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቀንሶ ለሚ ኩራ የከተማዋ 11ኛ ክፍለ ከተማ ሆነ።

በዚህ ሂደት የአርሶ አደሩ መሬት በካሬ ሜትር ተቆጠረ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን በቋሚነት ለሚለቅ ባለ ይዞታ ቀደም ባሉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሳ እንዲከፈለው ደንግጎ ነበር። ይህን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ባለፉት ሦስት ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 እንዲባዛ አድርጓል። በሁለቱም ስሌት ገቢው ከማሳው ስፋት ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ በስፋት ላይ የሚገባ ማንኛውም ስህተት በ10 ወይም በ15 ተባዝቶ ይመጣል።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ተካፈሉ እንበል። የአንዱ ድርሻ 50 በ50፣ የሌላው 80 በ20 ሜትር ነው። የሁለቱም ዙሪያ 200 ሜትር በመሆኑ ሽማግሌዎች በእርምጃ ዞረው እኩል ነው ብለው መረቋቸው። ስፋታቸው ግን 2,500 እና 1,600 ካሬ ሜትር ነው። እርሻ ላይ በነበሩበት ጊዜ ልዩነቱ ታላቅየው ጎበዝ ስለሆነ ነው ተብሎ ታልፏል። ካሳ ሲመጣ ግን ከአንድ ካሬ ሜትር በዓመት 3 ብር ገቢ ቢታሰብ የ900 ካሬ ሜትሩ ልዩነት በ10 ሲባዛ 27,000 ብር፣ በ15 ሲባዛ 40,500 ብር ይሆናል። በዚህ ጊዜ የሚጣሉት ወንድማማቾች ናቸው። ጥፋቱ ግን የወንድማማቾቹ አልነበረም፤ በዙሪያ የተከፈለው በስፋት መከፈሉ ነው።

መንገድ በማሳ መካከል ሲያልፍም ሌላ ነገር ይታያል። 30 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በአንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት 3 ሄክታር ይወስዳል፤ ቀጭን መስሎ ስለሚታይ ብዙ ሰው ይህን ያህል አይጠብቅም። 100 በ100 የሆነን ማሳ 20 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በመሐሉ ቢያቋርጠው 2,000 ካሬ ሜትር ወይም 20 ከመቶው ይሄዳል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚቀሩት ሁለት ቁራሾች እያንዳንዳቸው 100 በ40 ሲሆኑ ጠቅላላ ዙሪያቸው 560 ሜትር ይሆናል። ቀድሞ 400 ነበር። መሬቱ በአንድ አምስተኛ ሲቀንስ የሚጠበቀውና የሚታጠረው ድንበር በ40 ከመቶ ጨመረ ማለት ነው። ይህ ጭማሪ በካሬ ሜትር ስሌት ውስጥ አይታይም። ለዚህም ነው የአካባቢ አመራሮች መንገድና መስመር ሲያሳልፉ በማሳ መሐል ሳይሆን በድንበር በኩል ለማሳለፍ ቢጥሩ ለአርሶ አደሩ ትልቅ እፎይታ የሚሆነው።

ደብተር፣ ኮምፓስና ሳተላይት

በ1990ዎቹ ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው፣ ከዚያም በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ የተስፋፋው የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር አሰጣጥ ለአርሶ አደሩ ዋስትና ሰጥቷል። በመጀመሪያው ዙር ልኬቱ በአብዛኛው በገመድ፣ በሜትርና በጎረቤቶች ምስክርነት የተከናወነ በመሆኑ አዋሳኞቹ በግልጽ ቢመዘገቡም ስፋቱ በግምት የተጻፈበት ደብተር ጥቂት አይደለም። በማዕከላዊ ስታቲስቲክስ፣ በአሁኑ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የእርሻ ናሙና ጥናት ቆጣሪዎች በሜትርና በኮምፓስ የማሳውን ጎኖችና አቅጣጫ እየመዘገቡ ስፋቱን ሲያሰሉ ቆይተዋል። ኮምፓሱ ያስፈለገው የጎኖች ርዝመት ብቻውን ስለማይበቃ ነው፤ ማዕዘኑ ካልታወቀ ስፋቱ አይታወቅም። በሁለተኛው ዙር ምዝገባ ደግሞ ከአየር ላይና ከሳተላይት በተነሣ ምስል፣ እንዲሁም በጂፒኤስ እያንዳንዱ ማሳ በካርታ ላይ ተቀምጧል።

መሣሪያው ቢሻሻልም አርሶ አደሩ ራሱ መለካት ቢችል አይጎዳም። ሁለት ጎኖቹ 100፣ ሌሎቹ ሁለቱ 60 ሜትር የሆኑ ያዘነበለ ማሳ አለ እንበል። 100 በ60 ተባዝቶ 6,000 ካሬ ሜትር ይባላል። ነገር ግን በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች መካከል ቀጥ ብሎ የተለካው ወርድ 45 ሜትር ከሆነ እውነተኛው ስፋት 4,500 ነው። በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ ይሰጥ በነበረበት ጊዜ ይህ ሰው በ0.6 ሄክታር ሒሳብ 120 ኪሎ ይወስዳል፤ የሚያስፈልገው ግን 90 ኪሎ ነው። 30 ኪሎው በብድር የተወሰደ፣ ማሳው የማይፈልገው ወጪ ነው። ከማኅበሩ መዝገብ ላይ ደግሞ ምርታማነቱ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ከ4,500 ካሬ ሜትር የተገኘው ምርት ለ6,000 ስለሚካፈል ጎበዙ አርሶ አደር ሰነፍ ይባላል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ በማንኛውም ቀበሌ በገመድና በወረቀት ሊሠራ የሚችል ነው።

አንደኛ፣ ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን ማረጋገጥ። ከጥጉ በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው ጎን 4 ሜትር ለክቶ ምልክት ማድረግ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 5 ሜትር ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው። እንዲህ ከሆነ ቁመትን በወርድ ማባዛት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ማሳው ያዘነበለ ወይም ጎድጎድ ያለ ከሆነ ከጥግ ወደ ጥግ ገመድ ዘርግቶ በጎነ ሦስት መከፋፈል። የእያንዳንዱ ጎነ ሦስት ስፋት መሠረቱ በከፍታው ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል ይገኛል።

ሦስተኛ፣ ከፍታውን መለካት ካልተቻለ የእስክንድርያው ሄሮን ከ1,900 ዓመታት በፊት በጻፈው ስሌት ሦስቱ ጎኖች ብቻ ይበቃሉ። ጎኖቹ 65፣ 70 እና 75 ሜትር ቢሆኑ ድምራቸው 210፣ ግማሹ 105 ነው። ከ105 እያንዳንዱ ጎን ሲቀነስ 40፣ 35 እና 30 ይቀራል። 105፣ 40፣ 35 እና 30 ተባዝተው በካሬ ሥር ሲወጡ 2,100 ካሬ ሜትር ይሆናል። የካሬ ሥር ያለው የእጅ ሒሳብ ማሽን ወይም ተንቀሳቃሽ ስልክ ይህን በደቂቃ ይሠራል።

አራተኛ፣ መሬት ሲከፋፈል፣ ሲከራይ ወይም ሲለዋወጥ በውሉ ላይ ከአዋሳኞቹ ጋር ስፋቱን በካሬ ሜትር፣ ጎኖቹንም በሜትር ማስፈር። ዙሪያ ብቻ የተጻፈበት ውል ለነገ ክርክር የተቀመጠ ዘር ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበር ጥቅም

ይህ የዙሪያና የስፋት ነገር ለኅብረት ሥራ ማኅበራትም ትርጉም አለው። በአገራችን የኅብረት ሥራ ሕግ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ቢታወቅም አሁን ያለው የዩኒየን አደረጃጀት በዋናነት የተስፋፋው ከአዋጅ ቁጥር 147/1991 ወዲህ ነው፤ ይህም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተክቷል። ግብዓት የሚታዘዘው፣ ብድር የሚመደበው፣ የምርት ግምት የሚወጣው በአባላት መሬት ስፋት ድምር ነው። አንድ አባል በማሳው ላይ የሚሠራው ስህተት ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በሺህ አባላት ሲደመር ግን መጋዘን ያጣብባል ወይም ባዶ ያስቀራል።

ማሳቸው ተጎራባች የሆነ አባላት አንድ ዓይነት ሰብል በኩታ ገጠም ሲዘሩ ደግሞ የውስጥ ድንበሮች ሥራቸው ይቀንሳል። አራት 50 በ50 የሆኑ ማሳዎች ለየብቻ ሲጠበቁ 800 ሜትር ድንበር አላቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚጠበቀው ዙሪያ 400 ሜትር ብቻ ነው። ስፋቱ አልተነካም፤ የእያንዳንዱም ይዞታ የራሱ ነው። የቀነሰው የጥበቃው ድካም ነው። በትንሽ ዙሪያ ብዙ ስፋት መያዝ የሚቻለው ተጠጋግቶ በመቆም መሆኑን ጎተራውም፣ የንብ እንጀራውም፣ ማሳውም ይመሰክራሉ።

በምሥራቅ አዲስ አበባና በአካባቢው በእርሻ ላይ ያለው መሬት እየጠበበ ነው። የቀረችው እያንዳንዷ ካሬ ሜትር በትክክል ታውቃ፣ በትክክል ተመዝግባ፣ ለባለቤቷ በትክክል እንድትቆጠር ማድረግ የአባላት፣ የማኅበራትና የአካባቢ አመራሮች የጋራ ኃላፊነት ነው። ልጆች በትምህርት ቤት የሚማሩት የዙሪያና የስፋት ትምህርት በወላጆቻቸው ማሳ ላይ ቢሠሩበት ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅማል፤ ልጅ ገመዱን ይዞ፣ አባት ድንበሩን አሳይቶ፣ እናት ቁጥሩን መዝግባ የሚለካ ማሳ ነገ የሚከራከርበት ሰው አይኖረውም።

መልካም የምሥረታ በዓል!